የፒፓዬ እንጨት

የመጀመሪያዋን ፒፓዬን የገዛኋት ሳን ክሎድ ነው። ፈረንሳይ ከስዊዘርላንድ በምትዋሰንበት በጁራ ተራሮች መሀል፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ ከተማ ናት። ያኔ ሊዮን እማር ነበር። ለፒፓ የነበረኝ ፍቅር ግን ከልጅነቴ ይጀምራል። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ፒፓቸውን ነክሰው ጋዜጣ ያነቡ ነበር፤ የትምባሆው ሽታ አጥር ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባል። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ «የፈረንጅ ጋያ!» ትላለች።

እናቴ ብዙም አልተሳሳተችም፤ ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። ጋያ ውሃ የያዘ ቅል፣ የሸክላ ራስና መቃ ነው፤ ጭሱ በውሃው ውስጥ አልፎ ይበርዳል። ፒፓ ውሃ የላትም። ሙቀቱን የምትችለው በእንጨቷ ውፍረት፣ ጭሱን የምታበርደው በአንገቷ ርዝመት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «እሳት ውስጡ ተቀምጦ የማይቃጠል እንጨት ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው።

አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን መልስ ስላላገኙለት በሸክላ ያጨሱ ነበር። የሆላንዷ ጋውዳ በዚህ ሥራ የታወቀች ነበረች፤ ሸክላው ግን እጅ ያቃጥላል፣ ሲወድቅም ይሰበራል። ሀብታሙ ከቱርክ፣ ከኤስኪሼሂር የሚቆፈረውን ነጭና ቀላል ድንጋይ አስቀርጾ ያጨስ ነበር። የሳን ክሎድ ሰዎች ደግሞ ወደ ገዳማቸው ለሚመጣው ተሳላሚ መቁጠሪያና ቅርጻ ቅርጽ በመሥራት የኖሩ የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ። በ1850ዎቹ ብሩዬር የሚባለው እንጨት እጃቸው ሲገባ ቶርኗቸውን ወደ ፒፓ አዞሩት፤ ከተማዋም የፒፓ መዲና ተባለች።

ብሩዬር ግንድም ቅርንጫፍም አይደለም። የአንድ ቁጥቋጦ ሥርና ግንድ በሚጋጠሙበት፣ አፈር ውስጥ የሚያብጥ ጉጥ ነው። ቁጥቋጦውን ሰደድ እሳት ሲበላው ጉጡ ከመሬት በታች ይተርፍና እንደገና ያቆጠቁጣል። ለፒፓ የሚሆን መጠን ላይ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ኮርሲካ፣ ካላብሪያ፣ ግሪክና አልጄሪያ ውስጥ ተቆፍሮ ይወጣል፤ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ተቆርጦ መራራ ፈሳሹ እስኪወጣ ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል። ከዚያ በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይደርቃል። ቶርኖ ላይ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ውስጡ የተደበቀ ቀዳዳ ብቅ ካለ ልፋቱ ግማሽ ዋጋ ያጣል።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የገዛኋት ፒፓ አንገቷ ቆልመም ያለ፣ ቀለሟ የደረቀ ቡና የመሰለ ነበረች። ሻጩ ሽማግሌ «ቆልማማዋ ጥርስ ላይ አትከብድም» አለኝ፤ እውነቱን ነው። በሁለት ወሯ ግን ከጎኗ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ወደቀች። ለካስ ቀዳዳዋ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ተቀብቶባታል! እሱ አልነገረኝም፣ እኔም ዋጋዋ ለምን እንደረከሰ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ቀንማ ባይነሳ ይሻላል። ትምባሆውን ጠቅጥቄ ሞላሁና እንደ ሲጋራ እየደጋገምኩ ሳብኩት፤ ምላሴ ለሦስት ቀን ሽሮ እንኳ አልቀምስ አለ። ፒፓ ጥድፊያ አትወድም። ትምባሆው የሚሞላው በሦስት ዙር ነው፤ የታችኛው በሕፃን እጅ፣ መካከለኛው በሴት እጅ፣ የላይኛው በወንድ እጅ እንደተጫነ መሆን አለበት ይላሉ አጫሾቹ። መጀመሪያ የሚለኮሰው እሳት ላዩን ለማጠውለግ ብቻ ነው፤ ትምባሆው ሲያብጥ በቀስታ ይጫንና እንደገና ይለኮሳል። ቢጠፋ ነውር የለውም። ውስጧን የሚለብሰው ስስ ጥቀርሻም ሙሉ በሙሉ አይጠረግም፤ እንጨቱን ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ነው። ትኩስ እያለች አንገቷን መንቀል አይገባም፤ ካጨሱባት በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን ታርፋለች።

ጭሱ ወደ ሳንባ ስለማይሳብ ፒፓ አይጎዳም የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው፤ የከንፈር፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ተውኳት።

ከዓመታት በኋላ ስሜን ተራሮች ሄድኩ። ከ3000 ሜትር በላይ፣ ሳንቃበር አካባቢ፣ ሽበት የመሰለ ነገር ካንጠለጠሉ ዛፎች ሥር አረፍን። ቅጠላቸው እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። ምን እንደሆኑ አብሮን የነበረውን ጠባቂ ጠየቅሁት።

«አስታ ነው ጋሼ። ጥሩ ማገዶ ይወጣዋል፤ አሁን ግን ፓርክ ስለሆነ አይቆረጥም።»

አዲስ አበባ ተመልሼ ሳይንሳዊ ስሙን ስፈልግ ኤሪካ አርቦሪያ ይላል። የብሩዬርም ስም ይኸው ነው! በዘረ መሉ ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ተክሉ ከምሥራቅ አፍሪካ ተነስቶ ነው ወደ ሰሜን ምዕራብ የተስፋፋው። እናቴ «የፈረንጅ» ያለችው ነገር እንጨቱ የእኛም ኖሯል።

ስሜን ወይም ባሌ ከሄዱ ያንን ባለ ሽበት ዛፍ ቀረብ ብለው ይዩት። ቅርንጫፉን ግን አይንኩ።