ከቀዶ ሐኪሙ በስተኋላ የቆመው ሰው

በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የወጣ፣ ርእሱ በአማርኛ «ጌታ የሠራው» ሊባል የሚችል አንድ ፊልም አለ። እውነተኛ ታሪክ የሚናገር ስለ ሆነ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋራ ቢመለከቱት ይጠቀሙበታል።

ኅዳር 20 ቀን 1937 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ደሟ ወደ ሳንባዋ በበቂ ስለማይደርስ ከንፈሯ የጠቈረ ሕፃን ለማዳን ተነሣ። ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ሥር ከሳንባው የደም ሥር ጋራ ማጋጠም ነበረበት። በዚያ ዘመን በልብ አጠገብ ቢላዋ ማሳረፍ እጅግ ይፈራ ነበር።

ይሁን እንጂ ከሐኪሙ ትከሻ በስተኋላ በርጩማ ላይ ቆሞ ስፌቱን የሚመራ ሰው ነበር፤ ስሙም ቪቪየን ቶማስ ይባላል። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ የአናጢነት ሙያ እንጂ የሕክምና ትምህርት አልነበረውም፤ ደመወዙም የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ነገር ግን ቀዶውን አስቀድሞ በውሾች ላይ ደጋግሞ የሞከረው እርሱ ነው። ሕፃኒቱ ከወራት በኋላ ብታርፍም፣ በእርሷ የተከፈተው መንገድ ብዙ ሕፃናትን አድኗል። ቶማስ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው በ1968 ዓ.ም. ነው።

ይህን ስንመለከት የአገራችን ልጅ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ይታወሱናል። በልጅነታቸው ተድረው፣ በምጥ ብዙ ቀን ተሠቃይተው፣ ልጃቸው ሞቶ በፌስቱላ ሲጐዱ፣ በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በአዲስ አበባ አከሟቸው። ከዳኑም በኋላ፣ ማንበብ የማይችሉ ሳሉ፣ አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመሩ። የአብነት ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በጆሮው እንደሚቀበል፣ እርሳቸውም በዓይናቸው ተቀብለው ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ የተማሩ ሐኪሞችንም እስከ ማስተማር ደረሱ።

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በሲሪንቃ ለምንኖር ቤተ ሰቦች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፌስቱላ የሚመጣው ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ተጭኖ ስለሚጐዳው ነው እንጂ በእርግማን አይደለም። እንግዲህ ልጆቻችንን ያለ ዕድሜያቸው አንዳር፤ ምጥ የጠናባትን ፈጥነን ሐኪም ቤት እናድርሳት። የተጐዳችውንም በጓዳ አንሸሽጋት፤ በባሕር ዳር ባለው የሐምሊን ማእከል ሕክምናው ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ወይዘሮ ማሚቱ በጓዳ ተሸሽገው ቀርተው ቢሆን ኖሮ፣ እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ በእጃቸው የዳኑት ሴቶች ሁሉ በቀሩ ነበር።