ተራ የእጅ ስልክ መምረጥ እና የሕዋሳት ጾም

ስማርት ስልካቸውን ትተው ለመደወልና አጭር መልእክት ለመለዋወጥ ብቻ የሚያገለግል ባለ ቁልፍ ወይም የሚታጠፍ ስልክ የሚይዙ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች እየታዩ ነው። ከምእመናንም መካከል፣ በተለይ በአጽዋማት ወቅት፣ ይህን የሚያደርጉ አሉ። አንዳንዱ ሰው ድርጊቱን እንደ ኋላ ቀርነት ይመለከተዋል፤ ሌላው ደግሞ ስማርት ስልክን ራሱን የኃጢአት ዕቃ አድርጎ ይቈጥረዋል። በዚህ ጽሑፍ ተራ ስልክ መያዝ ምን እንደሚጠቅም፣ ለማን እንደሚስማማና እንዴት መጀመር እንደሚገባ ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አንጻር እንመለከታለን።

የሁለቱ ስልኮች ልዩነት

የእጅ ስልክ ሲሠራ ዓላማው ሰውን ከሰው በድምፅ ማገናኘት ነበር። የሞቶሮላ መሐንዲስ የነበረው ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ የደወለው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ይኸው ኩባንያ ስታርታክ የተባለውን ታጣፊ ስልክ እ.ኤ.አ. በ1996 አወጣ። በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰውና በአናቱ መብራት ያለው ኖኪያ 1100 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። እነዚህ ስልኮች ሰው ሲፈልገን ይጠራሉ፤ ንግግሩ ሲያበቃ ጸጥ ይላሉ። ባለቤቱ ካልፈለጋቸው እነርሱ አይፈልጉትም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የመጣው ስማርት ስልክ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ካሜራ፣ ጋዜጣ፣ ገበያ፣ ቴሌቪዥንና የጨዋታ ሜዳ በአንድ ኪስ ውስጥ ገብተዋል። በውስጡ ያሉት አብዛኞቹ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ገንዘብ የሚያገኙት ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚታየው ሰው ዐይኑን ተክሎ እስከቆየ ድረስ ስለሆነ፣ የእኛ ጊዜ ለእነርሱ ገቢ ነው። ስለዚህም መተግበሪያዎቹ ሰው ቶሎ እንዳይወጣ፣ ቢወጣም ፈጥኖ እንዲመለስ ሆነው ይሠራሉ። ድምፁና ንዝረቱ፣ ቀይዋ የቁጥር ምልክት፣ በራሱ የሚቀጥለው ቪዲዮ ሁሉ ለዚህ የተቀመጡ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ገጹን ወደ ታች በገፉት ቍጥር አዲስ ነገር እያመጣ መጨረሻ የማይኖረውን አሠራር ነደፈ። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ መጽሐፍም ያልቃል። መጨረሻ በሌለው ገጽ ላይ ግን «ይበቃኛል» ማለት የሚችለው ሰውዬው ብቻ ነው። ደክሞት በተኛበት፣ ተክዞ በተቀመጠበት ሰዓት ይህን ለማለት ኃይል ያለው ሰው ጥቂት ነው። ተራ ስልክ የመረጠ ሰው ከዚህ የዕለት ተዕለት ትግል በአንድ ውሳኔ ያርፋል።

የሕዋሳት ጾም

ቤተ ክርስቲያናችን ጾምን ከምግብ በመከልከል ብቻ አትወስነውም። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ዐይንም፣ አንደበትም፣ ጆሮም መጾም እንዳለባቸው አስተምሯል። ሕዋሳት የልብ በሮች ናቸው፤ በበሩ የገባው ሁሉ በውስጥ ያድራል። ጻድቁ ኢዮብም በመጽሐፉ ምዕራፍ 31 መጀመሪያ ላይ ከዐይኖቹ ጋር ቃል ኪዳን እንደገባ ይናገራል። ኢዮብ በኖረበት ዘመን ክፉ ነገር ለማየት ሰው ከቤቱ መውጣት ነበረበት፤ ዛሬ ግን ማየት ያልፈለግነው ነገር መኝታ ክፍላችን ድረስ ይመጣል።

ጉዳቱ ዝሙትንና ስድብን በማየት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የጦርነት ዜና፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የሰዎች ጠብ፣ ስብከትና ቀልድ ተራ በተራ ያየ ሰው ለሚያለቅሰው አያለቅስም፤ ከሚደሰተውም ጋር አይደሰትም። ሁሉም በእኩል ያልፉበታልና። ከዚያ ተነሥቶ ለጸሎት ሲቆም ከንፈሩ ዳዊት ይደግማል፤ ልቡ ግን ያየውን ይደግማል። ቅዱስ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ ያመሰግን እንደነበረ ተናግሯል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠርታልናለች። በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ስልካችንን እንደምንከፍትና ስንት ጊዜ እንደምንጸልይ ብናነጻጽር፣ የትኛው ሥርዓት እንደሚገዛን እናውቃለን።

አባቶቻችን ይህን ያወቁት ስልክ ሳይኖር ነው። አባ አርሳንዮስ የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተማረ፣ በቤተ መንግሥት የኖረ ሰው ነበር። ያን ክብር ትቶ ወደ ግብጽ ገዳም የሄደው በቤተ መንግሥት እግዚአብሔር ስለሌለ ሳይሆን፣ በዚያ ሁካታ ውስጥ ልቡን መሰብሰብ ስላልቻለ ነው። ነቢዩ ኤልያስም በኮሬብ ተራራ ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ ካለፉ በኋላ በመጣው ዝግ ያለ ድምፅ ነበር እግዚአብሔር ያነጋገረው። ጆሮው በነፋሱ የተሞላ ሰው ዝግ ያለውን ድምፅ አይሰማም። ምእመናን በሱባኤ ወቅት ከወሬና ከገበያ የሚለዩትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ተራ ስልክ መያዝ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ ሳይሆን፣ የቆየው ትምህርት በዚህ ዘመን ዕቃ ላይ ሲሠራ የሚታይበት ነው።

በጥምቀት በዓል ታቦታቱ ሲያልፉ ከሚሰግደው ሰው ይልቅ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸው እየበዛ መጥቷል። ቀራጩ በዓሉን በኋላ ሊያየው ያስቀምጠዋል፤ በፊቱ ያለፈውን በረከት ግን ባለመስገዱ አምልጦታል። በማዕድ ዙሪያም እንዲሁ ነው። ልጅ አባቱን ሲጠራው አባት ቀና ሳይል «እ» ብሎ የሚመልስ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው አባቱ ከሚሰጠው ምክር ሳይሆን ካጎነበሰው አንገቱ ነው።

ስማርት ስልክ መያዝ ኃጢአት ነውን?

አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ላይ የተፈቀደ ነገር ሁሉ እንደማይጠቅም፣ በተፈቀደለት ነገርም ቢሆን መገዛት እንደማይፈልግ ያስተምራል። ጥያቄው ስልኩ ያገለግለናል ወይስ እኛ እናገለግለዋለን የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍም ብዙዎቻችሁ የምታነቡት በስማርት ስልክ እንደሆነ እናውቃለን፤ ስብከት፣ መዝሙርና የቅዳሴ ሥርጭትም በዚሁ ይደርሳችኋል።

ልጇ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራባት እናት የልጇን ፊት የምታየው በስማርት ስልክ ነው። ያችም ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ በማትችልበት ጊዜ ቅዳሴ የምትሰማው፣ ችግር ቢደርስባት የምትጮኸው በእርሱ ነው። እንዲህ ላለችው እኅት ስልኳን ጣዪ ማለት መንፈሳዊ ምክር ሳይሆን ጭካኔ ነው። በስልኩ ሥራ የሚቀበል አሽከርካሪ፣ በርቀት የሚማር ተማሪ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰውም ልዩ ልዩ ምክንያት አላቸው። በአንጻሩ ሥራው ስማርት ስልክ የማይጠይቅ፣ ሌሊቱን በስልክ አሳልፎ ጠዋት በጸጸት የሚነሣ፣ ደጋግሞ ሊተው ሞክሮ ያቃተው ሰው ተራ ስልክ ቢይዝ እጅግ ይጠቀማል። ሁሉም እንደ ዐቅሙና እንደ ድካሙ ነው።

የያዘውም ያልያዘውን አይናቅ። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙን እየቈጠረ ቀራጩን ሲንቅ ጾሙን አጠፋው። ታጣፊ ስልኩን እያሳየ በሌላው የሚፈርድ ሰውም ከአንድ ወጥመድ ወጥቶ ወደ ባሰው ገብቷል።

ባዶው ቤት በምን ይሞላ?

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከሰው ስለወጣ ርኩስ መንፈስ አስተምሯል። መንፈሱ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ፣ ነገር ግን ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ሰባት ሌሎችንም ይዞ ገባ። የእኛም ትልቁ ነገር ይህ ነው። ስማርት ስልክን መተው ቤቱን መጥረግ ነው፤ በውስጡ የሚያድር ካልተገኘ የተረፈው ሰዓት በቴሌቪዥን፣ በሐሜት ወይም በስንፍና ይያዛል። ብዙዎች ጀምረው የሚመለሱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ይህም ጾም እንደ ሌላው ጾም ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር ይሁን። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ለውዳሴ ማርያምና ለዳዊት፣ የማታው ለቅዱሳት መጻሕፍት ይሰጥ። የተራ ስልክ ዋጋ ከስማርት ስልክ እጅግ ያነሰ ነው፤ በየወሩ ለኢንተርኔት ጥቅል የሚወጣውም ገንዘብ ይቀራል። ያ ገንዘብ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት፣ ለአብነት ተማሪዎች ወይም ለታመመ ጎረቤት ይድረስ። የተረፈውም ጊዜ ራሱ ምጽዋት መሆን ይችላል፤ ለብቻቸው የተቀመጡ አረጋዊትን ጠይቆ ቡና አብሮ መጠጣት በስልክ ከሚላክ የሰላምታ ሥዕል ይበልጣል።

እንዴት ይጀመር?

ሀ. ምክር፦ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይቀድማል። ባለትዳር ከሆንን ከትዳር ጓደኛችን ጋር እንስማማ፤ የአንዱ ውሳኔ በሌላው ላይ ሸክም እንዳይሆን።

ለ. ፍላጎትን መጻፍ፦ በስማርት ስልክ የምንፈጽማቸውን አስፈላጊ ጉዳዮች በወረቀት እንመዝግብ። ብዙው ያለ ኢንተርኔት የሚፈጸም ሆኖ እናገኘዋለን። ቴሌብር በ*127# በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል፤ ባንኮችም ተመሳሳይ አጭር ቍጥር አላቸው። በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቍጥርም በተራ ስልክ ይደርሳል።

ሐ. ዕቃውን መመርመር፦ ታጣፊ ሁሉ ተራ አይደለም፤ ኢንተርኔትና ማኅበራዊ ሚዲያ ያላቸውም አሉ። በአሜሪካ የምትኖሩ ምእመናን ደግሞ ታላላቆቹ የስልክ ኩባንያዎች የ3ጂ አገልግሎታቸውን በ2022 ስለዘጉ፣ የምትገዙት ስልክ በ4ጂ ድምፅ የሚያስተላልፍ መሆኑን አረጋግጡ።

መ. ምትክ ማዘጋጀት፦ መቀስቀሻ ሰዓት፣ የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ፣ የስልክ ቍጥሮች የተጻፉበት ደብተር፣ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፍ ያስፈልጋሉ። እነዚህ በሌሉበት ቤት «ሰዓት ልይ» ብሎ የከፈተ ሰው ሌላ ነገር ሲያይ ያመሻል።

ሠ. በጾም መጀመር፦ ለዘወትር ከመወሰን በፊት በአንድ ጾም መሞከር መልካም ነው። የፍልሰታ ጾም አጭር በመሆኑ ለዚህ ይስማማል። ሲም ካርዱን ወደ ተራው ስልክ አዛውረን፣ ስማርቱን አጥፍተን እናስቀምጥ። ጾሙ ሲፈታ ምን እንደናፈቀንና ምን ጨርሶ እንዳልናፈቀን እንመርምር።

ረ. መተው የማይችል ሰው፦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ስልኩን በቤቱ ይተው፤ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ያሳድረው፤ በማዕድና በጸሎት ሰዓት ዳታውን ይዝጋ። ከማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች ጊዜ የሚበላበትንም አንዱን ያጥፋ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። እጅ ሳያስበው ወደ ኪስ ይሄዳል፤ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ወረፋ ስንይዝ ምን እንደምናደርግ ይጠፋናል። ያች ባዶ የምትመስል ጊዜ ግን «አቤቱ ማረኝ» ለማለት የምትበቃ ጊዜ ናት። ማርታ በብዙ ስትባክን ማርያም በጌታችን እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ ነበር፤ ጌታም የማርያምን ምርጫ አመሰገነ። እኛም በየትኛውም ስልክ ብንጠቀም፣ ሲጠራን የምንሰማበት የተሰበሰበ ልብ እንዲኖረን አምላካችን ይርዳን።