አምባዛ፦ የጨፋ ረግረግ ዓሣ

ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ ከሚሴ ከመድረሱ በፊት ሰፊና ለምለም ሜዳ ያገኛል። የጨፋ ሸለቆ ነው። ዙሪያው ሲደርቅ እዚህ ሣር ስለማይጠፋ በበጋ የአፋር፣ የአርጎባና የኦሮሞ አርቢዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቦርከና ወንዝም ሜዳውን አጠጥቶ ወደ አዋሽ ያቀናል። የሸለቆው ሰው ስሙ የሚነሳው በከብቱና በማሽላው ነው፤ ስለ ዓሣው የሚያወራ ጥቂት ነው። ሆኖም ቦርከና ነጭ ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ አለው። ከእነዚህ መካከል ለረግረግ ኑሮ የተፈጠረው አምባዛ ነው።

አምባዛን ከሌሎቹ መለየት ቀላል ነው። ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፤ አፉን ከበው አራት ጥንድ ጢሞች ይወርዳሉ። ገላው ረዥም፣ ጠቆር ያለና የሚያሙለጨልጭ ነው፤ ቅርፊት የለውም። የጀርባው ክንፍ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ይደርሳል። ምግቡን በጨለማና በደፈረሰ ውሃ የሚፈልገው በጢሞቹ እየዳሰሰ ስለሆነ ቦርከና በክረምት ጭቃ ሲሞላ እንኳ አይቸገርም። የሚመርጠው ምግብም የለም፦ ትል፣ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ ትናንሽ ዓሦች፣ የእፅዋት ፍሬ፣ ሁሉንም ይበላል። ጊዜ ካገኘ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ እስከ 60 ኪሎ የሚመዝን አምባዛ በአፍሪካ ተመዝግቧል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን አተነፋፈሱ ነው። ዓሣ ሁሉ አየሩን ከውሃ የሚያጣራበት ቀይ መተንፈሻ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አለው። አምባዛ ከዚህ በላይ፣ ቅርንጫፍ ያወጣና በደም ሥር የተሞላ ሌላ አካል አለው፤ ብቅ ብሎ ከላይ ያለውን አየር ይጎርሳል፣ በዚህ አካልም ኦክስጅኑን ይወስዳል። ረግረግ ውሃ ሲሞቅና ሣር ሲበሰብስበት ኦክስጅኑ ይሟጠጣል፤ ሌላው ዓሣ በዚህ ሲያልቅ አምባዛ ይተርፋል። ኩሬው ሊደርቅ ሲል ጭቃ ውስጥ ይቆያል፤ ምድሩ ርጥብ ከሆነ ደግሞ በጎን ክንፎቹ እየተደገፈና እየተጥመለመለ ወደ ሌላ ውሃ ይሻገራል። ከተያዘ በኋላ ለሰዓታት በሕይወት የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ የአምባዛ የመራቢያ ወራት ናቸው። ቦርከና ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ ትላልቆቹ ዓሦች ወንዙን ትተው ሣር ወዳለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሌሊት ነው። አንዲት ትልቅ እናት በአንድ ሌሊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሎቹ ሣሩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነም በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላሉ። ወላጆች ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ቆሮሶ ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ የአምባዛ ልጆች ጠባቂ ጎርፍ የሸፈነው ሣር ብቻ ነው። ሜዳው በጎርፍ ካልተሸፈነ ትውልድ አይተካም።

አጠማመዱ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ጠንካራ ገመድ፣ መንጠቆ፣ ገመዱን ወደ ታች የሚስብ ድንጋይ ወይም ብረት፣ ለማባበያ የምድር ትል ወይም ቁራጭ አንጀት ይበቃል። ዓሣው የሚበላው በሌሊት ስለሆነና ምግቡን ከታች ስለሚፈልግ መንጠቆው ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ወለሉ ይለቀቃል። ብዙ ለማጥመድ የሚፈልግ በአንድ ረዥም ገመድ ላይ መንጠቆዎችን በየርቀቱ አስሮ ያሳድራል፤ ማለዳ ይሰበስባል። አምባዛን ከመንጠቆ ሲያላቅቁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከጎን ክንፎቹ ፊት እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው እሾህ እጅ ይሰነጥቃል። ከጭንቅላቱ ኋላ በጨርቅ አጥብቆ መያዝ ይሻላል።

በረዥም ገመድ ማጥመድ የውቅያኖስ ሰዎችም ስልት ነው። በሰሜን አትላንቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚኖረውን ኮድ የተባለ ዓሣ የሚያጠምዱ መርከቦች በሺህ የሚቆጠሩ መንጠቆዎችን በአንድ ገመድ ላይ አስረው ወደ ጥልቁ ይለቃሉ። ኮድና አምባዛ በመልክም በኑሮም አይገናኙም፤ አንድ ጠባይ ግን ይጋራሉ። ሁለቱም ለመራባት በታወቀ ወቅት በታወቀ ቦታ ይሰበሰባሉ። የኖርዌይ ኮድ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ከባሬንትስ ባሕር ተነስቶ ወደ ሎፎተን ደሴቶች ይመጣል፤ አጥማጆችም እዚያው ይጠብቁታል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ግን ትላልቅ መርከቦች ያለ ልክ አጠመዱ። አንዲት የኮድ እናት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ብትጥልም ዓሣው አለቀ፤ መንግሥት በ1992 እ.ኤ.አ. ማጥመድን ከለከለ፣ 30 ሺህ ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። እገዳው የተነሳው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ መውለድ ከማለቅ አያድንም።

በክልላችንም ይህንኑ የሚያስተምር ሐይቅ አለ። ጣና ላይ ለብዙ ዘመን ዓሣ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ኡርክ ከተባለችው የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ። ምርቱ ከፍ አለ፤ ገበያውም ሰፋ። ነጭ ዓሣ ግን በክረምት ማብቂያ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል፤ መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ ሲዘረጋ ገና እንቁላሉን ያልጣለው ዓሣ ተያዘ። በአንዳንድ ወንዞች ደግሞ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ውሃ ውስጥ ይበተናል፤ መርዙ ትልቁንም ጫጩቱንም ያደነዝዛል። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ነጭ ዓሦች ቁጥር በእነዚህ ምክንያቶች እጅግ ቀነሰ።

ለገበታ ሲሆን የአምባዛ ሥጋ ቅባት ያለው፣ ለስላሳና ትናንሽ እሾህ የሌለበት ነው፤ ለልጆችም ያመቻል። ከቆዳው ሙልጭልጭታ ለመገላገል በአመድ ወይም በጨው አሽቶ ማጠብ የቆየ ዘዴ ነው። ሆድቃው ወዲያው ይወጣል፤ ጭንቅላቱ ዙሪያ ቆዳው ተሰንጥቆ ወደ ጅራቱ ይገፈፋል፤ ከዚያ በቢላ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ፊሌቶ ይወጣል። በሎሚና በጨው ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ጠረኑን ያጠፋል። ቅባት ስላለው ብዙ ዘይት አይፈልግም። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ጎላሽ ይሠራል፤ በርበሬ በደንብ ከበሰለ በኋላ ሥጋው መጨረሻ ላይ ገብቶ ወጥ ይሆናል፤ አከርካሪውና ጭንቅላቱ ሾርባ ያወጣሉ። ለብለብ የሚወድ ሰው ለአምባዛ ትዕግሥት ያድርግ፦ የወንዝ ዓሣ የሆድ ትል ሊኖረው ስለሚችል እስከ ውስጡ መብሰል አለበት።

አምባዛን ሁሉም ቤት አይበላውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ስለሚከለክል ብዙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰቦች ቆሮሶን ይመርጣሉ። ለእነዚህ ቤቶች ከቦርከና ሌላ ቆሮሶ የሚገኝበት ቅርብ ውሃ የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ነው፤ እስከ 88 ሜትር በሚጠልቀው በዚህ ሐይቅ ቆሮሶ የተለቀቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። የከሚሴና የአካባቢዋ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በእስልምና ደግሞ የውሃ ዓሣ ሳይታረድም ሐላል ነው። ስለዚህ አምባዛ በጨፋ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ገበታ የሚያገኝ ዓሣ ሊሆን ይችላል።

ይህ እንዲሆን ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ንጹሕ ውሃ ነው። ቦርከና ጨፋ የሚደርሰው የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ከገባበት በኋላ ነው፤ ተመራማሪዎች ወደ ወንዙ በሚገቡት ጅረቶች ውስጥ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ያንኑ ወንዝ ስለሆነ ፍሳሹን ማጣራት ከዓሣ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የሚጥለቀለቀው ሣር ነው። ረግረጉ ለእርሻ በተንጣፈፈ ቁጥር የአምባዛ መራቢያ ይጠባል።

አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት። አዋጁ ጨፋ ላይ ፍሬ የሚያፈራው ግን አጥማጁ ራሱ ሁለቱን የጎርፍ ወራት ለዓሣው ሲተውለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሣር ውስጥ የተያዘች አንዲት እናት የአንድ ቀን ወጥ ናት፤ ያልተያዘችው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ሰኔ መንጠቆ የሚጎትቱ ብዙ ዓሦች ታወርሳለች። መንጠቆው፣ ገመዱና ዕውቀቱ በእጅ አለ፤ የቀረው ዓሣውን በወቅቱ ማክበር ነው።