ዝርያው አንድ፣ ምላሹ ብዙ

በእንግሊዝ ስታፎርድሻየር የሚገኝ አንድ የኦክ ደን ከ2017 ጀምሮ በዙሪያው ካለው አየር 150 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ያህል የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅበታል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2024 የታተመው ውጤት 180 ዓመት ገደማ የሆናቸው ዛፎች የእንጨት ምርታቸው 10 በመቶ ያህል መጨመሩን አሳየ። ዜናው ያረጀ ደን ተጨማሪ ካርቦን አይጠቀምም ለሚሉት ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን አማካይ ቁጥር የትኛው ዛፍ እንዳደገ፣ የትኛውስ እንደቀረ አይናገርም።

ይህን ክፍተት ከሁሉ አብልጦ ያሳየው በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ራይንላንደር አጠገብ ከ1998 እስከ 2009 የተካሄደው ሙከራ ነው። በዴቪድ ካርኖስኪ መሪነት የተጀመረው ይህ ሥራ 30 ሜትር ስፋት ባላቸው 12 ክብ መደቦች አስፐን፣ በርችና ሜፕል አብቅሏል። አስፐኑ ከአምስት ክሎኖች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው በዘር አንድ ዓይነት ከሆኑ የዛፍ ቡድኖች፣ የተውጣጣ ነበር። በአንዳንዶቹ መደቦች ካርቦኑ ወደ 560 ፒፒኤም ከፍ አለ፤ በሌሎቹ ኦዞን ተጨመረ፤ ሁለቱም የተጨመሩባቸው መደቦችም ነበሩ። 259 የተሰኘው ክሎን ኦዞን ይጎዳዋል፤ 271 ግን ይቋቋማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኦዞን የደኑን እድገት ቀነሰ። ኋላ ግን ጉዳቱ ከጠቅላላው ምርት ላይ ጠፋ፤ ደካሞቹ ሲቀጭጩና ሲሞቱ ብርሃኑንና አፈሩን ጠንካሮቹ ወረሱት። ደኑ ሲመዘን ያገገመ ቢመስልም የዘር ስብጥሩ ተለውጦ ነበር። ካርቦን ብቻ በተጨመረባቸው መደቦችም የክሎኖቹ ድርሻ ተቀያይሯል። የመስኩ ትልቁ ግኝት ይህ ነው።

ቅጠል ላይ ታሪኩ ቀደም ይላል። በ1987 ኢያን ውድዋርድ ለጥናት ተጠብቀው የቆዩ የዛፍ ቅጠሎችን መርምሮ፣ የስቶማታ (አየር የሚያልፍባቸው ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች) ብዛት በ200 ዓመት ውስጥ 40 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በ2000 ደግሞ አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ላይ ሂክ የተሰኘ ጂን ተገኘ፤ ጂኑ ሲበላሽ ካርቦን በበዛበት አየር ስቶማታው ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል። የፖፕላር ጂኖም በ2006 ከተነበበ ወዲህ ዛፉ ራሱ የጥናቱ ማዕከል ሆኗል። በጌል ቴይለር ቡድን የተጠኑት የፖፕላር ዲቃላዎች እንዳመለከቱት፣ የቅጠል እድገት ለካርቦን የሚሰጠው ምላሽ ከአንድ ጂን ሳይሆን ከበርካታ የጂኖም ክፍሎች ይመነጫል።

አፈርም ወሳኝ ነው። በአሜሪካው ኦክ ሪጅ የስዊትገም ደን ላይ ተጨማሪው ካርቦን ያስገኘው 24 በመቶ የእድገት ብልጫ በ2008 ወደ 9 በመቶ የወረደው በናይትሮጅን እጥረት ነው፤ የአውስትራሊያውን ባህር ዛፍ ደግሞ የፎስፈረስ እጥረት ገታው።

ለወደፊቱ የአየር ንብረት ትንበያ የሚሠሩት ሞዴሎች ግን በአብዛኛው ዛፎችን በጥቂት ምድቦች ጠቅልለው ይይዛሉ፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት፣ እነ 259ና 271ን የለያየው፣ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል።