ደስታና ስኬት፦ የቱ የቱን ያመጣል?

ደስታን ለነገ መቅጠር የብዙ ሰው ልማድ ነው። ተማሪ «ብቻ ልመረቅ»፣ ተመራቂ «ብቻ ሥራ ልያዝ»፣ ሥራ የያዘም «ብቻ ቤት ልሥራ» ይላል፤ ስኬት ከመጣ ደስታ ተከትሎት መምጣቱ አይቀርም ተብሎ ስለሚታመን። ጥናቶች ይህን እምነት የሚደግፉት በከፊል ነው።

እውነትነቱ ግን ሊናቅ አይገባም። የቤት ኪራይ እንቅልፍ የነሳውን፣ ልጁን የሚያሳክምበት ያጣውን ሰው «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» ማለት ግፍ ነው። በስዊድን ትልልቅ የሎተሪ ዕጣ የወጣላቸውን ሰዎች የመረመረ ሰፊ ጥናት፣ በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ከአሥር ዓመት በኋላም ከፍ ብሎ መቆየቱን አሳይቷል። በዕለት ተዕለት የደስታ ስሜታቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት 22 የሎተሪ ባለዕድሎችን ሲያነጋግሩም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። ለባለዕድሎቹ ከወዳጅ ጋር መጨዋወትን፣ ቁርስ መብላትንና መጽሔት ማንበብን የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ከሌላው ሰው ያነሰ ደስታ ይሰጧቸው ነበር። ሰው ያገኘውን ቶሎ ይለምዳል፤ የለመደው ነገር ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቀን አያስፈነድቅም።

ከልማድ ሌላ ደስታን የሚሸረሽረው ንጽጽር ነው። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ባመጣችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በተካሄደው የባርሴሎና ኦሎምፒክ የተቀረጹ ምስሎችን ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰብስበው፣ ውጤቱን ለማያውቁ ተማሪዎች ያለ ድምፅ አሳዩ። ተማሪዎቹ የአትሌቶቹን ፊት እያዩ ለደስታቸው ከአሥር ነጥብ ሰጡ። ውጤታቸውን ባወቁበት ቅጽበት ነሐስ ያገኙት በአማካይ 7.1፣ ብር ያገኙት ግን 4.8 ተሰጣቸው። በደረጃ የሚበልጠው በደስታ አነሰ ማለት ነው። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ፣ ሁለተኛ የወጣው ያመለጠውን ወርቅ ሲያስብ ሦስተኛው ባዶ እጁን ከመመለስ መትረፉን ያስባል የሚል ነው።

ደስታም በበኩሉ ስኬትን ያመጣል። ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ፣ ሎራ ኪንግና ኤድ ዲነር እ.ኤ.አ. በ2005 ከ200 በላይ ጽሑፎችን አገላብጠው ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ ጊዜ ደስ የሚላቸው ሰዎች በሥራ፣ በትዳርና በጤና የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ፣ ደስታቸውም ብዙውን ጊዜ ከስኬቱ ቀድሞ እንደሚገኝ አስረድተዋል።

ይህን በተግባር የፈተነው በእንግሊዝ ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን ያሳተሙት አንድሩ ኦስዋልድና ሁለት ባልደረቦቹ ከ700 በላይ ሰዎችን አሳትፈዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፦ ባለ ሁለት አሃዝ አምስት አምስት ቁጥሮችን ያለ ካልኩሌተር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የተቻለውን ያህል መደመር፤ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ ይከፈላል። አንዳንዶቹ ከሥራው በፊት አስቂኝ ቪዲዮ ተመለከቱ፤ በሌላ ዙር ደግሞ ቸኮሌት፣ ፍራፍሬና መጠጥ ቀረበላቸው። ደስ ያላቸው ሰዎች 12 በመቶ ገደማ የበለጠ ሠሩ። የጨመሩትም ብዙ በመሥራት እንጂ ስሕተት በመቀነስ አልነበረም፤ ደስታ አእምሮን ባያሾልም ጉልበትን ያበረታል።

ተመራማሪዎቹ የተገላቢጦሹንም ተመልክተዋል። በቅርብ ዓመታት የቤተሰብ ሞት ወይም ከባድ ሕመም የደረሰባቸው ተሳታፊዎች ከሌሎቹ 10 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው የሠሩት። ሐዘን ላይ ላለ ሠራተኛ ፋታ የሚሰጥ አሠሪ ሥራውንም እየጠቀመ ነው።