ፖስተራችሁ ሲለጠፍ ለምን ይደበዝዛል? ፎቶን በተፈቀደው መጠን ሴቭ ማድረጊያ መንገድ



ነሐሴ 16 ሶለል ሲደርስ የመልካም ምኞት ፖስተር መሥራት የተለመደ ነው። ስልካችን ላይ ቁልጭ ብሎ የነበረው ሥራ ግን ከተለጠፈ በኋላ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በሌላ በኩል የሥራ ወይም የትምህርት ማመልከቻ ስንሞላ «ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው» ተብለን እንመለሳለን።

የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፦ ኤክስፖርት ስናደርግ መጠኑን አለመወሰናችን። እኛ ካልወሰንን አፑ ይወስንልናል፤ ለጽሑፋችን ደግሞ አይሳሳም።

ክብደቱ ከየት ይመጣል?

በዋናነት ከሁለት ነገር፦ ከፒክስል ብዛትና ከጭመቃው። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ጎኖቹን በግማሽ ቀንሰን 2000 በ1500 ብናደርገው 3 ሚሊዮን ይቀራል፤ ሩብ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስፋቱን ቀንሱ፣ ኳሊቲውን የምትነኩት በመጨረሻ ነው።

ጄፒጂ ወይስ ፒኤንጂ?

ጄፒጂ ለካሜራ ፎቶ የተሠራ ነው። ፋይሉን የሚያቀለው ዓይን ቶሎ የማያየውን ዝርዝር እየጣለ ነው። ፊት ላይ ብዙም አይታወቅም፣ ፊደል ላይ ግን ጠርዙን ያቆሽሻል። የእኛ ፊደል ደግሞ በትንሽ ጭረት የሚለይ ነው። «ቆቦ» ላይ እንኳ «ቦ»ን ከ«በ» የሚለያት የቀኝ እግሯ ማጠር ነው። ያቺ ከጠፋች የከተማችን ስም ጠፋ! ስልክ ቁጥር ላይ 3 እና 8 ሲምታቱ ደግሞ ደንበኛው ሌላ ሰው ጋ ይደውላል።

ፒኤንጂ ምንም ሳይጥል ያስቀምጣል። ጽሑፍ፣ ሎጎና ወጥ ቀለም ለበዛበት ሥራ እሱ ይሻላል። ሙሉ ፎቶ ያለበትን ሥራ ግን በጣም ያከብደዋል። ፌስቡክም ለከቨር ፎቶ 851 በ315 ፒክስል፣ ከ100 ኪሎባይት በታች የሆነ ጄፒጂ ቶሎ ይከፈታል ይላል፤ ሎጎ ወይም ጽሑፍ ላለበት ግን ፒኤንጂን ይመክራል።

ጥብቅ ገደብ ሲኖርስ?

ብዙዎቻችን የምናውቀውን የዲቪ ፎቶ እንውሰድ። መመሪያው ካሬ የሆነ፣ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ጄፒጂ ሲጠይቅ ኖሯል። የስልክ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው የሚቆጠረው። እንዲህ አድርጉ፦

1. መጀመሪያ ቅጂ አውጡ። ዋናውን አትንኩት።
2. ካሬ አድርጋችሁ ቁረጡና ወደ 600 በ600 አሳንሱት።
3. በጄፒጂ፣ በ90 ኳሊቲ ሴቭ አድርጉ። አሁንም ከበለጠ 80፣ ከዚያ 70 ሞክሩ።
4. ከመላካችሁ በፊት የፋይሉን መጠን እዩ፤ ፎቶውንም አጉልታችሁ ፈትሹ።

ፎቶሾፕ ያላችሁ «ሴቭ ፎር ዌብ» ውስጥ ገብታችሁ የምትፈልጉትን ኪሎባይት ብትጽፉለት ራሱ ያስተካክለዋል። በስልክ ደግሞ «ስኩሽ» የሚባለውን የጉግል ነጻ ገጽ በብሮውዘር ክፈቱ። ፎቶውን የሚያሳንሰው እዚያው ስልካችሁ ላይ ስለሆነ ፎቶው ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም፣ ለመጫን ዳታም አይበላም። መታወቂያችሁን ወይም ዲግሪያችሁን ለማሳነስ ብላችሁ የማታውቁት ገጽ ላይ አትጫኑ።

እነዚህን አትርሱ

• ስክሪንሾት ኤክስፖርት አይደለም። የምታገኙት የስክሪናችሁን መጠን ብቻ ነው።
• ጄፒጂን ደጋግሞ ኤዲት አድርጎ ሴቭ ማድረግ በየጊዜው ጥራቱን ይቀንሳል።
• የፋይሉን ስም ወደ ጄፒጂ መቀየር ፎርማቱን አይቀይረውም። ኤክስፖርት ሲደረግ ነው የሚመረጠው።
• ቴሌግራም ላይ «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ይጨመቃል፤ «ፋይል» ብላችሁ ስትልኩ እንዳለ ይደርሳል። ነገር ግን የካሜራ ፎቶ በፋይል ሲላክ የተነሳበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ይችላል። የካሜራችሁን ሎኬሽን አጥፉ።
• ባነር የምታሳትሙ ከሆነ የተጨመቀውን አትስጡ። ማተሚያ ቤት የሚፈልገው ትልቁን ዋናውን ፋይል ነው።

ባጭሩ፦ ዋናው በትልቁ ይቀመጥ፣ የሚላከው ደግሞ እንደየቦታው ተለክቶ ይውጣ። ማመልከቻ ለሚሞላና ፖስተር ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።