ድምፅን ሸጦ ማደር፦ የአማርኛ የድምፅ ባለሙያዎች ከመፈረማቸው በፊት ምን ማወቅ አለባቸው?

የክትባት ቀጠሮ የሚያስታውስ የስልክ መልእክት፣ ስለ ተከራዮች መብት የሚያስረዳ አጭር ቪዲዮ፣ የሐዋላ ድርጅት ማስታወቂያ፣ በአማርኛ የተተረከ ዘጋቢ ፊልም። ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች እነዚህን በቋንቋቸው ሲሰሙ፣ ከጀርባ ያለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ ድምፅ አይደለም። ለየሥራው እየተከፈለው በግሉ የሚሠራ የድምፅ ባለሙያ ድምፅ ነው።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ማይክሮፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ጥሩ ንባብ የሚበቁት ዓይነት። የባለሙያውን ገቢ የሚወስነው ግን የድምፁ ማማር ብቻ አይደለም። ቅጂው የት፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚደነግገው ውል የበለጠ ይወስነዋል። የሰውን ድምፅ አስመስለው የሚያነብቡ መሣሪያዎች በተስፋፉበት በዚህ ወቅት፣ ሳይነበብ የተፈረመ አንድ ገጽ ባለሙያውን ከገዛ ድምፁ ጋር ሊያፎካክረው ይችላል።

ሥራው ከየት ይመጣል?

በኢትዮጵያ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ የሚያቀርበው ቃና ቴሌቪዥን እአአ በ2016 ሥርጭት ሲጀምር፣ በድምፅ መተወን ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ብዙ ተመልካች አስተዋለ። በውጭ አገር ግን አብዛኛው ሥራ ከመዝናኛው ዘርፍ የሚመጣ አይደለም። የሚመጣው ከጤና ተቋማት፣ ከትምህርት ቤቶች፣ ከከተማ አስተዳደሮች፣ ከረድኤት ድርጅቶችና ለእነዚህ ሁሉ ከሚሠሩ የትርጉም ኩባንያዎች ነው። ለምሳሌ የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶች፣ ከተማዋ እአአ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት፣ አማርኛን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች አገልግሎት ይሰጣሉ።

ይህ ገበያ በፖሊሲ ለውጥ ይናወጣል። ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትረምፕ እአአ በ2025 እንግሊዝኛን የአሜሪካ ኦፊሴላዊ ቋንቋ የሚያደርግ ትዕዛዝ ሲፈርሙ፣ የፌዴራል ተቋማት እንግሊዝኛ በበቂ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዝዝ የነበረውን የ2000 ዓመት ትዕዛዝ ሽረዋል። ስለዚህ ገቢውን በአንድ ደንበኛ ላይ ብቻ የመሠረተ ባለሙያ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

ክፍያው በምን ይሰላል?

በዘርፉ የተለመደው አሠራር ክፍያን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያው ለንባቡና ለቀረጻው የሚከፈል ነው። ሁለተኛው ቅጂውን ለመጠቀም ለሚሰጠው ፈቃድ የሚከፈል ነው። በአንድ ከተማ ሬዲዮ ለሦስት ወራት የሚተላለፍ ማስታወቂያና በመላው ዓለም ያለ ጊዜ ገደብ በኢንተርኔት የሚሰራጭ ማስታወቂያ ርዝመታቸው እኩል 30 ሴኮንድ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋቸው ግን እኩል ሊሆን አይገባም። ግሎባል ቮይስ አክቲንግ አካዳሚ የተሰኘው ተቋም የሚያሳትመውና በአሜሪካ ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀው የዋጋ መመሪያም ክፍያን ከአጠቃቀሙ ጋር ያያይዛል።

ለሕዝብ በማይተላለፉ ሥራዎች፣ ለምሳሌ በሠራተኞች ሥልጠና ቪዲዮ፣ ዋጋው በደቂቃ ወይም በቃላት ብዛት ይተመናል። በቃላት መተመን የአማርኛ ባለሙያን ይጎዳል። አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል አጣብቆ ስለሚይዝ፣ በእንግሊዝኛ አምስት ቃላት የሚፈጀው «አልነገርኩህም» የሚቆጠረው እንደ አንድ ቃል ነው። ንባቡ የሚወስደው ጊዜ ግን በዚያው ልክ አያጥርም። በደቂቃ ወይም በእንግሊዝኛው ጽሑፍ የቃላት ብዛት እንዲሰላ መጠየቅ ይህን ጉዳት ይቀንሳል።

በመጽሐፍ ትረካ ደግሞ ክፍያው የሚታሰበው ተጠናቅቆ በቀረበው ሰዓት ነው። አንድ የተጠናቀቀ ሰዓት ለማዘጋጀት ንባቡ፣ እርማቱና የድምፅ ማጽዳቱ ተደምሮ በርካታ የሥራ ሰዓት ይወስዳል። ጥራቱም መለኪያ አለው። የአማዞን ንብረት የሆነው የመጽሐፍ ትረካ ማቅረቢያ ኤሲኤክስ፣ የክፍሉ የጀርባ ድምፅ ከ60 ዴሲቤል በታች እንዲሆን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 60 ወይም ከዚያም ዝቅ እንዲል ይጠይቃል። የማቀዝቀዣ እምምታ ወይም የጎረቤት እግር ኮቴ የገባበት ቅጂ ይመለሳል። ብዙዎች ልብስ በተሞላ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ በተከለለ ጥግ መቅረጽ የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ከንባብ ያለፈ ሥራ

በአማርኛ የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያልተከፈለበት የቋንቋ አማካሪም ይሆናል። የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ደግሞ አውራ ወይም ቀዳሚ ማለት ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋ፣ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ አድማጩን «አንተ» ይበል፣ «አንቺ» ይበል ወይስ «እርስዎ»፣ ከቀረጻው በፊት መወሰን አለበት።

የሰዓት አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። የክሊኒክ መልእክት «በ9 ሰዓት ይምጡ» ካለ፣ አንዱ አድማጭ ረፋድ፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። እንዲህ ያለውን ስሕተት አስቀድሞ የሚያርም ባለሙያ ሰውን ከጠፋ ቀጠሮ ያድናል። ስለዚህ ጽሑፍ ማረም ከንባቡ ተለይቶ በዋጋ ዝርዝር ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። ደንበኛው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ጽሑፉን ከቀየረ የሚደረገው ዳግም ቀረጻም እንዲሁ።

ከገዛ ድምፅ ጋር መፎካከር

ሰው ሠራሽ አስተውሎት አማርኛንም አልዘለለም። የማይክሮሶፍት ጽሑፍ አንባቢ አገልግሎት «መቅደስ» እና «አምሃ» የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚገነቡት ሰዎች ባነበቡት ቅጂ ላይ በመሠልጠን ነው። የሥራው ብዛት ውስን በሆነበት ቋንቋ አንድ የተቀዳ ድምፅ የብዙ ሰው እንጀራ ሊሻማ ይችላል።

በኒው ዮርክ እአአ በ2024 የተከፈተ አንድ ክስ አደጋውን ያሳያል። ሁለት የድምፅ ባለሙያዎች፣ በኢንተርኔት የሥራ ገበያ ላይ ያነጋገሯቸው ሰዎች ቅጂው ለውስጥ ምርምርና ለሙከራ ብቻ እንደሚውል ነግረዋቸው ነበር ይላሉ። ለአንደኛው 1,200፣ ለሌላኛዋ 400 ዶላር ተከፈለ። በኋላ ሎቮ የተባለው ኩባንያ ድምፃቸውን አባዝቶ እየሸጠ ነው ሲሉ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እአአ በ2025 ከክሱ ነጥቦች አንዳንዶቹን ውድቅ ሲያደርግ፣ ውል ማፍረስንና የግዛቲቱን የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመለከቱት እንዲቀጥሉ ፈቅዷል።

ሕግ አውጪዎችም መንቀሳቀስ ጀምረዋል። የቴነሲ ግዛት እአአ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ያለፈቃድ የተባዛ ድምፅን የሚከለክል ሕግ አላት። በካሊፎርኒያ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ፣ ባለሙያው ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ በተባዛ ድምፁ የሚተካ የውል አንቀጽ፣ አጠቃቀሙን በግልጽ ካልዘረዘረና ባለሙያው በጠበቃ ወይም በማኅበር ካልተወከለ ተፈጻሚ አይሆንም። ሳግ-አፍትራ የተሰኘው የተዋንያን ማኅበር አባላት የሆኑ የቪዲዮ ጌም ባለሙያዎች እአአ በ2024 ጀምረው ለአንድ ዓመት ገደማ ሥራ ያቆሙበት ዋና ጉዳይም ይኸው ነበር።

በውሉ ላይ ምን ይታይ?

እነዚህ ሕጎች የማይደርሱለት ባለሙያ ዋናው መከላከያው ውሉ ነው። «ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም ቴክኖሎጂ»፣ «ለዘለዓለም» እና «በመላው ዓለም» የሚሉ ሐረጎች አንድ ላይ ሲመጡ ለአፍታ መቆም ያስፈልጋል። ናቫ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የአሜሪካ የድምፅ ተዋንያን ብሔራዊ ማኅበር ከውል ጋር የሚያያዝ ናሙና አንቀጽ አዘጋጅቷል። ጭብጡ በአማርኛ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ይህ ቅጂ ለተጠቀሰው ሥራ፣ በተጠቀሰው ቦታና ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ያለ ባለሙያው የተለየ የጽሑፍ ስምምነትና ክፍያ ኮምፒውተርን ለማሠልጠን ወይም ድምፁን ለማባዛት አይውልም።» ደንበኛው ይህን መስመር ለመቀበል እምቢ ካለ፣ እምቢታው ራሱ መረጃ ነው።

ለሙከራ ተብሎ ሙሉው ጽሑፍ በነጻ እንዲነበብ ሲጠየቅ ጥቂት መስመር ብቻ መላክ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ከተስማሙበት የሚበልጥ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ደንበኛም አጭበርባሪ ነው፤ ባንኩ ቼኩን ውድቅ ሲያደርግ ኪሳራው የሚያርፈው ገንዘቡን በላከው ላይ ነው።

ግብርና የመኖሪያ ፈቃድ

በግል የሚሠራ ሰው ግብሩን የሚያስብለት አሠሪ የለውም። በአሜሪካ ከግል ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከገቢ ግብር በተጨማሪ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ግብር ይታሰባል። በብሪታንያ በአንድ የግብር ዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሚያስገባ የግል ሠራተኛ ለግብር ባለሥልጣኑ መመዝገብ አለበት።

ከግብሩ በፊት ግን ፈቃዱ ይቀድማል። በአሜሪካ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ያለፈቃድ በግል ቢሠራ የቪዛውን ሁኔታ ይጥሳል። በጀርመን በግል መሥራት መፈቀድ አለመፈቀዱ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ይሰፍራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪ ዋስትና የሚኖሩ ሰዎች ለሌላ ደንበኛ ከመሥራታቸው በፊት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ሥራው በመኝታ ክፍል ውስጥ መሠራቱ ሕጉን አያስቀረውም።

ቀደም ሲል ሰፊ ፈቃድ የሰጡ ባለሙያዎችም በራቸው ፈጽሞ አልተዘጋም። በአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ባለቤቱ የሚታወቅ የድምፅ ቅጂ የግል መረጃ በመሆኑ፣ ኩባንያው ምን እንደያዘና ለምን እንደሚጠቀምበት በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። በሌላውም አገር የቆዩ ውሎችንና የደብዳቤ ልውውጦችን ሰብስቦ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በኒው ዮርኩ ክስ የመከራከሪያው መሠረት ከሆኑት አንዱ፣ ከሥራው በፊት የተለዋወጡት መልእክት ነበር።